ሃያ ስድስት ቀን የተቆለፈ መጽሐፍ

የካቲት 19 ቀን 2016፣ ማክሰኞ

የማተሚያ ሱቄ ኮምፒውተር ዛሬ ሞተ። ጠዋት ስከፍተው ሦስት ጊዜ ጢጥ ጢጥ አለና ጠቆረ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ጎኑን መታ መታ አደረግሁት። አስቻለች ከጓዳ ሆና «ሰው አይደለም እኮ፣ በጥፊ አይነሣም» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሚስት እንዲህ ማለት መብቷ ነው።

የመምህር ዶላሞ መጽሐፍ ውስጡ ነው። ሰማንያ አራት ገጽ። ባነሩና የሠርግ ጥሪው እንደገና ይሠራል። እሱ ግን ከየት ይመጣል?

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ኤልያስ መጣ። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ፈትቶ ሲገጥም ብሎን የማይተርፈው እሱ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አለ። ፋይሉን ግን አወጣልኝ። ተመስገን።

ክፉው ዜና ቀጥሎ መጣ። ገጽ የማዘጋጅበት ሶፍትዌር ኤልያስ ባመጣልኝ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልጫን አለ። ዲስኩን ከነሳጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። ቁጥሩ ያለበት ካርድ እንኳ አልተጨማደደም። በ2001 ሞተር ብስክሌቴን ሸጬ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የገዛሁት ነው። ሰው ሁሉ ቁልፉ ተሰብሮ የተሰረቀውን በፍላሽ እየገለበጠ ሲሠራ እኔ በገንዘቤ ገዛሁ። የገዛሁት የኔ ነው፣ ማንም መጥቶ አይጠይቀኝም ብዬ።

ኤልያስ ቁጥሩን አስገባ፣ ጠበቀ፣ እንደገና አስገባ። «ጋሽ መኮንን፣ ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ውጭ አገር ሆኖ እሺ የሚለው ኮምፒውተር ተዘግቷል። ይሄን እትም ድርጅቱ ትቶታል» አለኝ።

ታዲያ ምኑን ነው የገዛሁት? ሳጥኑን?

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን ስለሆነ መምህር ዶላሞ መጣ። ልጁ አየለች ክንዱን ይዛ አስገባችው። በፊት ብቻውን ነበር የሚመጣው።

ይህን ሰው ለልጅ ልጆቼ ማስረዳት ቢኖርብኝ እንዲህ እል ነበር። የአሪ ብሔረሰብ ሰው፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ልጄን ኖላዊን አራተኛ ክፍል አስተምሮታል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በየእርሻው እየዞረ የእንሰት ዓይነቶችን ስም በአሪኛ ሰብስቧል። ቅጠላቸውንም በእጁ ስሏል። የሚጽፈው በኛው ፊደል ነው፤ ለአሪኛው ድምፅ ደግሞ ከፊደሉ በላይ ነጠብጣቦች ጨምሮበታል። ያን ፊደል በአሮጌው ሶፍትዌር የሠራሁለት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ነበር። የቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የግራውንም የዓይን ግፊቱ እየጨረሰው ነው ብለውታል፤ «ያለዎትን ብርሃን ለሚያስፈልግዎት ነገር ይጠቀሙበት» አሉኝ አለ። ሲናገር የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስላል።

እኔም ሌላ ሰው ያርመው አልኩት። እርሱም «ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ማንበብ አይችሉም። ማንበብ የሚችሉት ልጆች ስሙን አያውቁም። ሁለቱ የተገናኙት እኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ባንድ ዓይን ነኝ» አለና ሳቀ። ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በዓይኑ ማረም ይፈልጋል። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

ኮምፒውተሩ መሞቱን አልነገርኩትም። «ትንሽ ታሟል» አልኩት።

የካቲት 24፣ እሑድ ማታ

ኖላዊ ደወለ። አዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ድርጅቶች ዲዛይን ይሠራል፣ በዶላር ይከፈለዋል፣ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ አለው። አዲሱን ሶፍትዌር በየወሩ እየከፈልክ ተጠቀም ሲለኝ አምስት ዓመቱ ነው። እኔም አምስት ዓመት እምቢ ብያለሁ።

ዛሬም አልኩ። አባቴ ከጎጃም በጽሕፈት ሥራ ተልኮ ጂንካ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ይህን ቤት መሥራት ነው። ኪራይ ማለት ባለቤቱ ባሻው ቀን ቁልፍ የሚለውጥበት ቤት ነው፤ ሠርቼበት፣ ሥራዬን አስቀምጬበት፣ አንድ ወር ባልከፍል በሬ ላይ ልቆም ነው አልኩት። ይህን ሁሉ ሳልተነፍስ ነው ያልኩት።

ኖላዊ ሰምቶ ሰምቶ እንዲህ አለ፦ «አባዬ፣ የኪራይ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ባለቤቱ ይጠግናል። ያንተ ሲያፈስ ማን መጣልህ?»

የዲስኩ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነበር። «በል ክፈል» አልኩት። ምስጋናዬም ይኸው ነበር።

የዓመቱን ሙሉ ከፍሏል። ከፍሎ ስንት እንደሆነም አልነገረኝም።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ኤልያስ ጫነልኝ። በስልኩ ኢንተርኔት አገናኝቶ፣ የኖላዊን ስም አስገብቶ፣ ጨረሰ። የመምህር ዶላሞን ፋይል ከፈትን። ተከፈተ። ግን ነጠብጣቦቹ ከፊደሎቹ ተንሸራተዋል፤ አንዱ ጎን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ጭራሽ የለም። በእጅ መመለስ አለባቸው። ደግሞ አዲሱ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ በአሮጌ እትም አይከፈትም አሉ። የድሮው ቅጂ አለኝ፤ የሚከፍተው ግን የለም።

ኤልያስ ነገ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ካንጋተን ይሄዳል፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ተበላሽተዋል። በሳምንት እመለሳለሁ ብሏል።

የካቲት 29፣ ዓርብ

ሥራ ጥሩ ሄደ። አሥራ ሁለት ገጽ ነጠብጣቡን መለስኩ። የተሳሉትንም ቅጠሎች እንደገና ስካን አደረግሁ። የአዲሱ ሶፍትዌር ቆሻሻ ማጥፊያ ድንቅ ነው፤ የወረቀቱን ጠቃጠቆ ባንድ ጊዜ ጠራርጎ ያነጣዋል። ለኖላዊ አልነግረውም እንጂ።

የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ወደ ራሳችን አቆጣጠር አስተካከልኩት። ኤልያስ በፈረንጁ ትቶት ሄዷል። በ1999 ከኮምፒውተሩ ላይ አይቼ የአንድ ሰው ሠርግ ጥሪ በፈረንጅ ቀን አትሜ ጉድ ሆኛለሁ፤ ግማሹ ዘመድ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ የኔ ኮምፒውተር በኛ ቀን ነው የሚሄደው። ወሩ ሠላሳ አንድ ሲልብኝ በእጄ እመልሰዋለሁ። ለምጄዋለሁ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። ሆዴ ይጮኻል።

መምህር ዶላሞ በሰባት ሰዓት መጣ። በሰባት ሰዓት የሚመጣው ፀሐይዋ በመስኮቴ በኩል ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ስለምታርፍ ነው። አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ በቀይ እስክርቢቶ ያርማል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እንደ ተማሪ እጠብቃለሁ።

ስምንተኛው ገጽ ላይ ቆየ። «ይሄን ማን አጠበው?» አለኝ።

እኔ ነኝ፣ ቆሻሻውን አጥፍቼልዎት ነው አልኩ፣ በኩራት። ለካ ቆሻሻ አልነበረም። በቅጠሉ የመሐል ጅማት ላይ ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው አንዱን እንሰት ከሌላው የሚለዩት። እኔ አጥፍቼ ሁለቱን አንድ አደረግኋቸው። አንዱ ለምግብ ነው፣ አንዱ የተሰበረ አጥንት ለሚጠገንለት ሰው የሚቀቀል ነው አለ። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ ቢታተም የሚያነበው ልጅ ሁለቱን አይለይም።

አፈርኩ። ሰባ ሁለት ገጽ ይቀራል። ቶሎ መሥራት አለብኝ፤ የዚህ ሰው ዓይን የሚያየውን እኔ አላይም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ከሰዓት ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ሶፍትዌሩ አልከፈት አለ። «ምዝገባህን ላረጋግጥ አልቻልኩም» ይላል። ሥራዬ እዚያው ነው፣ የፋይሉ ስም ይታየኛል። አይከፈትም።

መጋቢት 7

መብራት የለም። ኔትወርክም የለም።

መጋቢት 9

መብራት መጣ። ኔትወርክ የለም። መምህር ዶላሞ ከትናንት ወዲያ፣ በገበያው ቀን፣ መጥቶ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሄደ። ዝናቡን አዳመጠ። ስለ ሥራው አልጠየቀኝም፤ አየለች ግን ጠየቀችኝ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ኔትወርክ ተመለሰ። በስልኬ አገናኘሁት። የመግቢያው ገጽ አይከፈትም፤ «ይህ ግንኙነት አይታመንም» ይላል። ሌላውም ገጽ እንዲሁ። ዳታዬን በላው።

ለኖላዊ ደወልኩ። አልከፈልክም እንዴ አልኩት። ከፍያለሁ አባዬ፣ ደረሰኙን እልክልሃለሁ አለ። ላከ። ደረሰኝ ደረሰኝ ነው፤ እኔ ራሴ በቀን ሃያ አትማለሁ። ታዲያ ገጹ ለምን አይታመንም ይለኛል አልኩት። እሱም «የኮምፒውተሩ ቀን ተነክቶ ይሆን?» አለኝ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ እንጂ ሰዓት ስጠመዝዝ አልውልም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ሱቁን ለአባትህ ጥለህ ሄድክ፤ አሁን ደግሞ በካርድህ አስረህ እጄን ያዝክ፤ በገዛ ቤቴ ከልጄ ፈቃድ ልለምን ነው አልኩት። ደንበኛ ሁሉ እየሰማኝ። እሱም «እሺ አባዬ፣ በኔ በኩል እንደገና አያለሁ» ብሎ ዘጋው።

ቀን ተነክቶ ይሆን ይለኛል። አሮጌው አሥራ አምስት ዓመት በኛ አቆጣጠር ሠርቷል፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የተገዛ ነገር ቀንህ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

የሠርግ ጥሪ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎች መለስኩ። ባነር የሚፈልጉ ከቀይ አፈር ከተማ መጡ፤ እነሱንም መለስኩ።

መምህር ዶላሞ መጣ። ሲገባ የበሩን ደፍ ሳተው። አየለች ቀድማ ያዘችው። ተቀምጦ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ፀሐይዋም እጁ ላይ ነበረች።

በወረቀት የሳሏቸውን ቅጠሎች እንይ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ አልኩት። ያንንማ አውቀዋለሁ፣ የሳልኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ የማላውቀው አንተ የጻፍከውን ነው አለኝ። ልክ ነው።

መጋቢት 16

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሸዋንግዛው ጋ ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ከኔ ሦስት በር ወዲያ ነው፤ ለሃያ ዓመት ስንተቻች ኖረናል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤለት ገባሁ። የሱ ሶፍትዌር ቁልፉ ተሰብሮ የመጣ ነው፤ አልገዛውም፣ አልተከራየውም። ሞከረ። አልከፈተውም፤ ያንተ አዲስ እትም ነው አለኝ። አሮጌውን ቅጂ ሞከርን። ተከፈተ፣ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ።

ሸዋንግዛው እየሳቀ «አንተ ገዛህ፣ ተቃጠለብህ። ተከራየህ፣ ተቆለፈብህ። እኔ ሰርቄ እንቅልፌን እተኛለሁ» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሲያወጣኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመምህሩ መጽሐፍ ነው ወይ አለኝ። አዎ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ሚስቱ አሪ ናት።

መጋቢት 18

ሌሊቱን አሰብኩ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቀኑ ያለበት ጥግ ላይ ማውሱን አስቀመጥኩ። አስቻለች ገባች። «ምን እያደረግህ ነው?» አለች። ምንም አልኳት። ዘጋሁት።

ኖላዊ ያለኝ ስለሆነ አይደለም። ዝም ብዬ ነው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሰው ስለኔ ሲያወራ ሰማሁ። ሁለት መምህራን በር ላይ ቆመው ዝናብ እየተጠለሉ «ጋሽ መኮንን ዘመኑ አልፎበታል፣ ልጁ ቢመጣ ይሻል ነበር» ሲሉ። ኋላ ገብተው ሁለት ፎቶ ኮፒ አስደረጉ። ፎቶ ኮፒው ይሠራል።

መምህር ዶላሞ አልመጣም።

መጋቢት 24

ኤልያስ አልተመለሰም። የኦሞ መንገድ ውኃ ሞልቶበታል፣ መኪና አያልፍም። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ዝግ ነው። አንዴ አገኘሁት፤ ሳይጀምር ተቋረጠ።

ደክሞኛል። ጾሙ ነው እላለሁ። ጾሙ ብቻ አይደለም።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

አየለች ብቻዋን መጣች። አባቷ ቤት ነው። ማታ ማታ መብራት አስጠግታ ስታነብለት እሷ የምታነበውን ይሰማል፣ ራሱ ግን ምንም መጽሐፍ ይዞ አይከፍትም አለችኝ። ጋሼ፣ መቼ ነው የሚደርሰው? በእርስዎ እምነት አለው እኮ አለች። ቁጣ የላትም። ቁጣ ቢኖራት በቀለለኝ።

ኤልያስ ሲመጣ አልኳት። መንገድ ላይ ነው አልኳት። አላውቅም የት እንዳለ።

ከሄደች በኋላ እንደገና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አሁን ቀኑን ብመልሰውና ቢከፈት፣ ያ ሁሉ ቀን ምን ነበር ልል ነው? ለማን ነው የምነግረው? ለኖላዊ ያን ሁሉ ተናግሬ?

ባይከፈትስ ደግሞ? ባይከፈት ይሻላል። እንዲህ ማሰቤን ማንም አይወቅብኝ።

አልነካሁትም።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

ኤልያስ መጣ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ወንበር እንኳ አልሳበም። ቆሞ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ጥጉን አየ፣ «ይሄ ቀን ምንድን ነው?» አለ።

«መብራት ሄድ መጣ ሲል ራሱ ተቀይሮ ይሆናል» አልኩት።

ኤልያስ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። እንደዚያም ያጋጥማል ጋሽ መኮንን አለ። አስቻለች ከጀርባችን ቆማ ታይ ነበር። ኮምፒውተሩ 2016 ይላል። «ጎበዝ ኮምፒውተር ነው፤ ራሱ ተቀይሮ የኛን ቀን አወቀ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ኤልያስ በፈረንጁ አደረገው፣ በስልኩ አገናኘው፣ ሶፍትዌሩ ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ይሄኛው እየቆየ በኢንተርኔት የሠራውን ድርጅት ይጠይቃል ጋሼ፣ ቀኑ ከኋላ ሆኖ ሲያገኘው ሌባ የገባ ይመስለዋል አለኝ፤ እንደ ልጅ እያባበለ። ገንዘብ አልተቀበለኝም።

ሃያ ስድስት ቀን ነው። ቆጠርኩት።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ቀን ከሌት ሠራሁ። ጠቃጠቆዎቹን ሁሉ ከወረቀቱ እያየሁ መለስኩ። ሃያ ገጽ አትሜ ወደ ቤቱ ወሰድኩለት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ባጃጅ እስከ ግማሽ ትወስዳለች፣ ከዚያ በእግር። ደጅ ወንበር አውጥተው አስቀመጡት። ሰባት ሰዓት ነበር። አጉሊ መነጽሩን ያዘ። የመጀመሪያውን መስመር ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሁለተኛውን። ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ፣ ወደ ጎን አዞረ።

«ፊደሉን አታሳንሰውም ነበር» አለኝ።

አላሳነስኩትም።

ሚያዝያ 6

ፊደሉን በእጥፍ አሳደግሁት።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

በሦስት እጥፍ አሳደግሁት። በገጽ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። ወሰድኩለት። ወረቀቱን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ቆየና ለአየለች ሰጣት። በአሪኛ አንድ ነገር አላት። አልገባኝም። እሷም መለሰችለት። እሱም አልገባኝም። እዚህ ተወልጄ ሃምሳ ሰባት ዓመት የኖርኩ ሰው በመሐላቸው ቆሜ ፊታቸውን ብቻ አያለሁ።

ሚያዝያ 17

ነጩን ከጥቁሩ አይለይም። አየለች ናት የነገረችኝ።

የገዛሁት ሞተ፤ የተከራየሁት ተቆለፈ። በዚህ ነገር ከኖላዊ ጋር ስንት ዓመት ተከራከርን። ገና እንከራከር ይሆናል፤ ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ልክ ነን። ይሄ ግን ከዚያ ጋር ግንኙነት የለውም። መጋቢት 18 ጠዋት ማውሱ እጄ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ

ዶሮ ተበላ። ኖላዊ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ አለ። ለእናቱ ብዙ አወራ፣ ለኔ ትንሽ። መጽሐፉ ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እየደረሰ ነው አልኩት። ልነግረው ነበር። አስቻለች ስልኩን ስመልስላት እንዴት አየችኝ!

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ደወልኩለት። ሱቁን ዘግቼ፣ ቆሜ። ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩት። አንተ ከፍለሃል፣ ደረሰኝህም ትክክል ነበር፣ የሰደብኩህ በከንቱ ነው አልኩት። እንዲህ ባንድ ትንፋሽ ካላልኩት አልችልም ነበር።

«አውቄ ነበር አባዬ» አለ።

መቼ አልኩት። የዚያኑ ዕለት አለኝ። ገጹ አይታመንም ይላል ስትለኝ ነው ያወቅኩት፤ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ነው እንደዚያ የሚለው።

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ያለመዳኔ!

«አንዴ ጠየቅሁህ። አልነካሁም አልከኝ። ሁለተኛ ብጠይቅህ አባቴን ውሸታም ማለቴ ነው» አለ።

ኤልያስም እንደዚሁ ነው ያደረገው። አስቻለችም ያን አንድ ነገር ብላ ተወችው። ሁሉም አክብረውኝ፣ ዝም አሉልኝ። እኔም ተከበርኩ።

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኖላዊ ሰምቶኝ ሊሆን ይችላል፤ ለመስከረም እመጣለሁ አባዬ አለኝ። እናትህን ደስ ይላታል አልኩት። ዛሬም በእናቱ አሳበብኩ። ከዚያ እንደገና ደወልኩና እኔንም ደስ ይለኛል አልኩት።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ሰማንያ አራቱን ገጽ በተራ ፊደል አትሜ ወሰድኩ። መምህር ዶላሞ ደጅ ተቀምጧል። አየለች እንሰት መሬት ላይ አስተኝታ ትፍቃለች። አጉሊ መነጽሩን አልያዘም።

ማን ነው የሚያርመው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ተናገረ። አየለች ፊደሉን ብታነበውም የራሷን አባባል እየጨመረች፣ ስህተቱን በምላሷ እያረመች ነው የምታልፈው፤ የተጻፈውን እንዳለ የሚያነብልኝ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው አለኝ። ስትሳሳት ስህተቱ የወረቀቱ ነው ወይስ ያንተ ብዬ እጠይቅሃለሁ፣ አይተህ ትነግረኛለህ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ያሰበበት ሰው ዓይኑ ከጠፋም በኋላ ይህን አስቦ ጠብቆኛል።

ከመጀመሬ በፊት ልንገርዎት አልኩት። ያ ጊዜ በኔ ነው የጠፋው። ኮምፒውተሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ቀኑን ቀይሬ። ኋላም ጠርጥሬ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልመለስኩት አልኩት። ይህን ለኖላዊ እንኳ አልነገርኩትም። አየለች መፋቋን አቆመች።

መምህር ዶላሞ ስንት ቀን ነው አለኝ።

«ሃያ ስድስት።»

አንገቱን ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ አዞረ። በቆዳው ያውቃታል መሰለኝ።

«ያኔ ዓይኔ ያይ ነበር» አለ።

ድምፁ ቁጣም ይቅርታም አልነበረበትም፤ አንድ የሆነ ነገር እንደሆነ ብቻ ነገረኝ። የምይዘው ስላጣሁ ወረቀቱን ያዝኩ። አየለች ወደ እንሰቷ ተመለሰች።

«በል አንብብ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። አስቆመኝ። የወረቀቱ ነው ወይስ ያንተ አለኝ። አየሁ፤ ነጠብጣቡ በቦታው ነው። የኔ ነው አልኩት።

«ጂንካ ስንት ዓመት ኖርክ?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«እንግዲያው እንደገና በል» አለኝ።

አልኩት። አልሆነም። ምላሴን የት እንደማደርግ አሳየኝ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ። እንደገና አልኩት። በስድስተኛው እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛውን ስም ጠየቀኝ።